አክብሮ ማዋለድ ሙያ ነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት በጥቂቱ ተስተካክሎ የታተመ)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ አንድ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ነው። ከፊት ወንበር የተቀመጡት መምህሮቼ ፓርቶግራፍ አሞላል ያስተማሩኝ፣ የመጀመሪያዋን እናት ሳዋልድ ከጀርባዬ የቆሙ ናቸው። በእነሱ ፊት ስለ ምጥ መናገር የተረቱን ፍቺ በተግባር ማሳየት ነው። ቢሆንም ተረቱ ኋላ ላይም ይጠቅመኛልና ለጊዜው ይቆየን።

እኔ ሚድዋይፍ ነኝ። ከተመረቅሁ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ በተለይ ሀብሩ ወረዳ ነው። ሀብሩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትመጡ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን የምታልፉበት አገር ነው። ከመኪና መስኮት የሚታየው የአስፋልቱ ዳር ነው። ከመስኮት የማይታየው ደግሞ በስተምሥራቅ ወደ አፋር ወሰን የሚወርደው ቆላ፣ በስተምዕራብ ወደ ተራራው የሚወጣው ቀበሌ ነው። ከዚያ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተነሥታ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ አምቡላንስ እስከሚደርስበት ቦታ ጎረቤት እየተፈራረቀ ይሸከማታል። ይህን መንገድ በልባችሁ ያዙልኝ። እንዲህ ደክማ ለደረሰች ሴት ከጤና ጣቢያው በር ላይ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ምን ይሁን? የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው፤ በምጥና በወሊድ ጊዜ ለእናት የሚሰጥ ክብር።

በመጀመሪያ የተሠራውን ሥራ እናመስግን። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በ2011 ቁጥሩ 10 ደረሰ፤ በ2016 ወደ 28 ከፍ አለ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ 50 ሆነ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 የነበሩት በ2016 ወደ 412 ወረዱ። ይህ ዝም ብሎ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን አሰማራ። አምቡላንስ ለወረዳዎች ታደለ። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ ነፃ ሆነ። ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉባቸው የእናቶች ማቆያዎች ተሠሩ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለአራሷ ገንፎ ይገነፋል፤ ቡና ይፈላል። ይህን ያመጡት ብዙዎቻችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ግማሽ እንመልከት። ከመቶ 50 በባለሙያ እጅ ወለዱ ማለት ሌሎቹ 50 አልወለዱም ማለት ነው። ለምን ሲባል ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው መልስ አለን፤ መንገድ የለም፣ አምቡላንስ ዘገየ፣ ባል አልፈቀደም፣ ግንዛቤ የለም። እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ አለ። ግን አንድ ጊዜ መጥታ ወልዳ፣ መንገዱን አውቃ፣ በሰላም ተመልሳ፣ ቀጣዩን ቤቷ የወለደች እናትስ? እሷ ግንዛቤ አላጣችም። አይታናለች፤ አውቃናለች። እሷን የሚመልስልን ሌላ የግንዛቤ ስብሰባ አይደለም።

አንዲት እንዲህ ያሉ እናት ላንሣ። ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት ስንዞር ያገኘናቸው የስድስት ልጆች እናት ናቸው። አምስተኛውን በጤና ተቋም፣ ስድስተኛውን ቤታቸው ወልደዋል። የተቋሙንም የእናቲቱንም ስም አልጠራም። ቡና እየፈላ ነበርና ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ጤና ጣቢያ ሲወልዱ እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ልጄን ታቅፌ ገባሁ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ጥያቄዬን ለወጥ አደረግሁት። «ስምዎን ጠየቁዎት?»

ሳቅ አሉ። «ስሜንማ ካርዱ ላይ አለ አይደል? ሁለት ቁጥር ነበር የሚሉኝ።»

«ሲመረመሩ መጋረጃ ነበረ?»

«በሩም ገርበብ ያለ ነበር። ልጆቹ ብዙ ነበሩ፤ ተማሪዎች መሰሉኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ።»

«አጠገብዎ ማን ነበር?»

«እናቴ መጥታ ነበር። ውጪ ጠብቂ አሏት። ድምፄን እየሰማች በር ላይ ቆማ ነጋ።»

«ስድስተኛውንስ ለምን እዚህ ወለዱት?»

ጀበናውን አነሡና፣ ሲቀዱ ቆይተው፣ «እዚህማ እናቴ አለች» አሉኝ።

ቅሬታ አላቀረቡም፤ ማንንም አልከሰሱም። «ረክተዋል ወይ?» የሚል መጠይቅ ብንሰጣቸው «አዎ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ። እኛም «የተገልጋይ እርካታ ከፍተኛ ነው» ብለን ሪፖርት እንልካለን። ስድስተኛው ልጅ ግን ቤት ተወለደ።

ይህ የአንድ ቤት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶች የተጠየቁበት ነው። አጥኚዎቹ ብልህ ነበሩ። «ተንገላታሽ ወይ?» ብቻ ብለው አልተዉትም። የተደረገውን አንድ በአንድ እየዘረዘሩ ጠየቁ፤ ከዚያ ስሜትን ለብቻ ጠየቁ። የተፈጸመው ሲቆጠር 136 እናቶች፣ ማለትም ከመቶ 79 ያህሉ፣ ቢያንስ አንድ ዓይነት ክብር የሚነካ ነገር ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ ከ136ቱ ግን እኔ ተበድያለሁ ብለው የተናገሩት 22 ብቻ ነበሩ። መረጃ ማግኘት፣ ፈቃድ መጠየቅና የአወላለድ አቀማመጥን መምረጥ ከመቶ 95 ያህሉ አላገኙም።

በ136 እና በ22 መካከል ያለው ልዩነት ነው እኔን የሚያሳስበኝ። 114 እናቶች የደረሰባቸውን ተናግረዋል፤ በደል ግን አላሉትም። ለምን? እኛ ወሎዎች ይሉኝታን እናውቀዋለን። ልጇን በሰላም ታቅፋ የወጣች እናት ስለ መጋረጃ ማንሣት ውለታ መርሳት ይመስላታል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏት «ስሜን አልጠየቁኝም» ብላ አትመልስም። ደግሞም ልጇን ለማስከተብ ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ሰው ትመለሳለች፤ ማንን አስቀይማ? ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ከጤና ተቋም የምትጠብቀው ይህንኑ ስለሆነ አይደንቃትም። ስለዚህ የወላድን ዝምታ እንደ ምስክር ወረቀት አንቁጠረው።

ነገሩን ለመለየት የሚረዳ ዝርዝር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ የተጻፈውን ሰብስበው በጤና ተቋም ወላድ ላይ የሚደርሰውን በ7 መደቡት፤ መምታትና ማመናጨቅ፣ ሳያስፈቅዱ ሕክምና ማድረግ፣ ገመናን አለመጠበቅ፣ ክብርን የሚነካ ንግግር፣ ማዳላት፣ ብቻዋን ጥሎ መሄድ፣ ክፍያ አልተከፈለም ብሎ ማገት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ይህ እንዲቆም መግለጫ አወጣ። የእኛም ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሰብዓዊ ክብርንና የግል ሕይወትን ጠባቂ አድርጎ ጽፏል፤ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ያቆማል የሚል አንቀጽ የለውም። እኔ ከሰባቱ ብዙ ጊዜ የሰማሁት አራተኛውን ነው። ምጥ ጠንቶባት የጮኸችን ሴት «ያኔ መቼ ጮህሽ?» የሚል ቀልድ። ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ያላሳቀው ሰው ቢኖር ጠረጴዛው ላይ የተኛችው ብቻ ናት።

አሁን ተረቱን ላምጣው። ስድስት የወለዱ እናት ፊት የሃያ ሁለት ዓመት ምሩቅ ቆሞ «ግፊ! እንዲህ ሁኚ! ዝም በይ!» ሲል፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ ማስተማሯ አይደል? እናቶቻችን ቤት ሲወልዱ የሚያውቁት ነገር ነበር። ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ተንበርክኮ መያዝ፣ ከኋላ ደግፎ የሚያቅፍ ሰው፣ ትኩስ ነገር መጠጣት። አንዷ ማርያምን ትጠራለች፤ ሌላዋ ዱዓ ይደረግላታል፤ በወሎማ ሁለቱም በአንድ ግቢ ይሰማሉ። ያ ሁሉ በሳይንስ ስም ኋላ ቀር ተብሎ ተጣለ። ሴትየዋ በጀርባዋ ተኝታ፣ እግሯ ተሰቅሎ፣ ብቻዋን እንድትወልድ ተደረገ። የሚገርመው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ ያመቻትን አቀማመጥ ትምረጥ፣ ጤናማ ከሆነች ትብላ ትጠጣ ይላል። ሆድ መጫንን፣ ሁሉንም ሴት በዘልማድ መቅደድን አይደግፍም። ሳይንሱ ዞሮ ዞሮ ከአያቶቻችን ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን ስል ግን ቤት መውለድን እያወደስሁ አይደለም። ቤት ውስጥ ደም ሲፈስ የሚያቆም መርፌ የለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ በሰዓታት ውስጥ እናትን ይወስዳል። የታሰረ ምጥ ቀናት ሲቆይ ሕፃኑን ይገድላል፤ እናቲቱ ብትተርፍ ፌስቱላ ይጥልባታል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ፌስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ሲያዩ በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ከብዙ ዓመታት ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በ2007፣ የሃምሊን የሚድዋይፎች ኮሌጅ ተከፈተ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ፌስቱላን የሚያስቀረው በጊዜ የደረሰ ሚድዋይፍ ነው። ሚድዋይፉ ጋ በጊዜ የምትደርሰው ደግሞ መምጣት የማትፈራ እናት ናት። ሁለቱ አይነጣጠሉም። ያመናጨቅናት ሴት ቀጣዩ ምጥ ሲመጣ «እስቲ ትንሽ ልጠብቅ» ትላለች። ያቺ ትንሽ ሰዓት ናት የምትገድለው። ስለዚህ ማክበር ከሕክምናው በተረፈ ጊዜ የሚጨመር ማጣፈጫ አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከጤና ሴክተር ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጋር «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚለው መፈክር መጣ፤ በየግድግዳው ተለጠፈ። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ፣ አንብበነው «እኔ ጥሩ ሰው ነኝ፤ ይኼ ስለ እገሌ ነው» ብለን ማለፋችን ነው። ርኅራኄ ጠባይ ይመስለናል፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም። እኔ የማምነው አክብሮ ማዋለድ እንደ እጅ መታጠብ፣ እንደ እትብት መቁረጥ የሚለመድና የሚፈተሽ ሙያ ነው ብዬ ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ይህኛው ግን በእጅና በአፍ መታየት አለበት። ልዘርዝረው።

አንደኛ፣ ስም። እናቲቱን በስሟ እንጥራ፤ ታላቅ ከሆኑ «እርስዎ»፣ «እትዬ»፤ ታናሽ ከሆነች «እህቴ»። «ሁለት ቁጥር» አልጋ ነው፤ ሰው አይደለም። የራሳችንንም ስም እንንገራት።

ሁለተኛ፣ መሸፈን። መጋረጃ ካለ ይጋረድ፤ ከሌለ አንሶላ፣ ነጠላ፣ የተዘጋ በር። በእኛ አካባቢ ብዙ ሚድዋይፎች ወንዶች ናቸው፤ ጎበዞችም ናቸው። ግን ሴት እንድትመረምራት የምትፈልግ እናት ብትኖር ይጠየቅ፤ ሴት ባለሙያ ከሌለች ቢያንስ ሴት ዘመድ አጠገቧ ትቁም።

ሦስተኛ፣ ማስፈቀድ። «አሁን የማኅፀንሽ በር ምን ያህል እንደተከፈተ ልመርምር ነው፤ ትንሽ ይቆረቁራል። ልጀምር?» ይህ ዐረፍተ ነገር ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። የተገኘውንም ንገሯት፤ ሰውነቱ የሷ ነው።

አራተኛ፣ አጃቢ። እናት፣ እህት፣ ባል፣ አክስት፤ የመረጠችውን አንድ ሰው እናስገባ። አጃቢ ወገብ ያሻል፣ ውኃ ያቀብላል፣ ደም ሲፈስ ቀድሞ ያያል። ብቻዋን ለምታድር ሚድዋይፍ ነፃ ረዳት ናት።

አምስተኛ፣ አቀማመጥ። የሚያስገድድ የሕክምና ምክንያት ከሌለ እንዴት መሆን እንደምትፈልግ እንጠይቃት።

ስድስተኛ፣ ጩኸት። መጮህ ጥፋት አይደለም። የሚጠራውን ስምም፣ ጸሎትም ይሁን ዱዓ፣ ዝም አናስብለው።

እነዚህን ስድስቱን ቆጥራችኋቸው ከሆነ፣ ከመጋረጃው በቀር ገንዘብ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ እኔም ተረኛ ሆኜ አድሬአለሁና። «አንቺ፣ በአንድ ሌሊት አራት ወላድ፣ አንዲት ሚድዋይፍ፣ ውኃ የለም፣ መብራት ጠፍቷል፣ የዲዩቲ ክፍያ ከገባ ወራት ሆኖታል፤ የምን ስም መጠየቅ ነው?» እውነት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ያዘ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየ። የወልድያ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ የገጠር ጤና ተቋማትም አልተረፉም፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከዝርፊያው አልዳነም። በእነዚያ ወራት እናቶች መውለድ አላቆሙም፤ ቤት ወለዱ። ከዚያም ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራ ባለሙያ ራሱ ክብር ያልደረሰው ሰው ነው። መኝታ፣ መጸዳጃ፣ ጓንት፣ በወቅቱ የሚገባ ክፍያ የሌላትን ሚድዋይፍ «አክብሪ» ብሎ መለጠፍ ብቻውን ዋጋ የለውም። አስተዳዳሪዎች ይህን እንዲሰሙ እፈልጋለሁ።

ነገር ግን ከሥራ ብዛት የማይመጣ ነገርም አለ። ድካም ያዘገያል፤ ስድብ ግን አያስተምርም። ብቻዋን አራት ወላድ የያዘች ሚድዋይፍ አንዷን ትታ ወደ ሌላዋ መሄዷ ግድ ነው። «እመለሳለሁ፤ እስከዚያ እናትሽ አብራሽ ትሁን» ብሎ መሄድና ዝም ብሎ መሄድ ግን አንድ አይደሉም። አብረውኝ ከሠሩ ባለሙያዎች በእናቶች የሚወደዱትን ሳስተውል፣ ከሌሎቻችን የሚለዩት ብዙ ጊዜ ስላላቸው አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ሌሊት አድረን እነሱ ከመሄዳቸው በፊት ተናግረው ይሄዱ ነበር።

ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ልምጣ፤ እዚህ መምህራን ስላላችሁ። ተማሪ ሚድዋይፍ ክፍል ውስጥ ስለ ክብር ይማራል፤ ይፈተናል፤ ያልፋል። ከዚያ ማዋለጃ ክፍል ይገባል። ሎግ ቡኩ የተወሰነ ወሊድ ሙላ ይለዋል። ስድስት ተማሪ አንዲትን እናት ከብቦ ተራውን ይጠብቃል፤ አንዱ ከመረመረ ሌላው ይደግማል። እናቲቱን ማንም አልጠየቃት። በተግባር መለማመጃው ክፍል ያለው አሻንጉሊት አያፍርም፤ ስም የለውም፤ በር ቢከፈት አይሸማቀቅም። ከሱ የተማርነውን እንዳለ ወደ ሰው ካመጣነው ሰውየዋን አሻንጉሊት እናደርጋታለን። ተማሪ ደግሞ ከሌክቸሩ ይልቅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲኒየሩ የሚያደርገውን ነው የሚቀዳው።

ስለዚህ ለመምህሮቼ፣ በትሕትና፣ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ፣ በአንዲት ወላድ አጠገብ ከሁለት ተማሪ አይብለጥ፤ እነሱም ስማቸውን ተናግረውና አስፈቅደው ይግቡ፤ «አይሆንም» ካለች አገልግሎቷ ሳይጓደል ይውጡ። ሁለት፣ በተግባር ፈተና ላይ እነዚያ ስድስት ነገሮች ነጥብ ይኑራቸው። እጁን ሳይታጠብ የመረመረ ተማሪ እንደሚወድቅ ሁሉ ሳያስፈቅድ የመረመረም ይውደቅ። ተማሪ ነጥብ ያለውን ነገር እንደማይረሳ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሦስት፣ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ልጆቻችን «ረክተሻል ወይ?» ከሚለው መጠይቅ ይውጡ። እናቲቱን ከተቋሙ ሳትወጣ፣ ያዋለዳት ሰው ቆሞ እያያት መጠየቅ ይቅር። ከሳምንታት በኋላ፣ ቤቷ፣ ቡና ላይ፣ ያላዋለዳት ሰው ይጠይቃት። ስሜትን ሳይሆን የሆነውን ይጠይቃት፤ ስምሽን ጠሩሽ? በሩ ተዘግቶ ነበር? ማን አጠገብሽ ነበር? ምን እንደሚደረግ ነገሩሽ? መልሱም ለተቋሙ ይመለስ፤ ለመውቀስ ሳይሆን ለማረም።

ለእኛ ለምሩቃንስ? ማኅበራችን በየዓመቱ ተገናኝቶ ፎቶ ከመነሣት ያለፈ ሥራ እንዲሠራ ሁላችንም እንፈልጋለን። ትልቅ ነገር አልጠይቅም። በሀብሩና በወልድያ ዙሪያ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ጥቂቱን መርጠን፣ ኃላፊዎቹን የጎደላቸውን ጠይቀን፣ ለማዋለጃ ክፍሎቹ መጋረጃና አንሶላ፣ ለእናቶች ማቆያዎቹ ድስት፣ ምጣድና ብርድ ልብስ እናሟላ። መሐንዲሶች አላችሁ፤ የውኃ መስመር ትጠግናላችሁ። የሕግ ምሩቃን አላችሁ፤ የወላድን መብት ገጠር ላለች እናት በሚገባ ቋንቋ በአንድ ገጽ ትጽፋላችሁ። የሂሳብ ባለሙያዎች አላችሁ፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ታሳዩናላችሁ። በባሕር ማዶ ሆስፒታል የምትሠሩ ደግሞ፣ እዚያ ያያችሁትን መልካም ልማድ ስትመጡ ለተማሪዎቻችን አሳዩልን። ሌላው ቢቀር፣ የራሳችሁ እህት፣ ሚስት ወይም ልጅ ስትወልድ የምታደርጉትን ስልክ አስቡት። «እኔ ነኝ፤ እባክህ ደኅና አድርገህ ያዝልኝ» ትላላችሁ። ያ ስልክ የሚያስገኘው እንክብካቤ ከቆላ በቃሬዛ ለመጡት፣ የሚደውልላቸው ምሩቅ ለሌላቸው እናቶች ሁሉ እንዲደርስ ነው ልፋታችን።

በመጨረሻ፣ አብረውኝ የሚሠሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየሌሊቱ ተረኛ ሆነው የሚያድሩትን ሚድዋይፎች፣ አምቡላንስ የሚነዱትን፣ በማቆያው ገንፎ የሚያገነፉትን እናቶች በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። ለመጋረጃውና ለአንሶላው የሚዋጣ መዝገብ ከመግቢያው በር አጠገብ አለ፤ በምሳ ሰዓት እዚያ እገኛለሁ። መምህሮቼ፣ ለሦስቱ ሐሳብ መልሳችሁን በሚመጣው ስብሰባችን እጠብቃለሁ።